አቧራ፣ ዘይትና ሰም፦ የጎንደር ብስክሌተኛ ካቴናውን በምን ይቀባ?

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ በሚወስደው ጠጠር መንገድ፣ የጥር ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፀሐይዋ ከፍ ስትል መሬቱ ይደርቃል። እህል የጫነ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር አቧራው ከመንገዱ ተነሥቶ አስታውንና ጅብራውን ያለብሳል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከሆነው ሳንቃበር ተነሥቶ 3,600 ሜትር ወደሚጠጋው ጨነቅ የሚነዳ ብስክሌተኛ ሦስት ድምፅ ይሰማል፦ የራሱን ትንፋሽ፣ ከጎማው ሥር የሚፈናጠረውን ጠጠር፣ የካቴናውን ጩኸት። ጠዋት ድምፁ ያልነበረ ካቴና ቀትር ላይ መንጫረር ይጀምራል።

ያው ድምፅ ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ በየመንገዱ ዳር ብስክሌት በሚጠግኑ ባለሙያዎች ዘንድ የዘወትር ነው። አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየገፋ ይደርስና «ጋሼ፣ ካቴናዋ ትጮኻለች፤ ትንሽ ዘይት ያድርጉልኝ» ይላል። ባለሙያው ከአጠገቡ ካለው ጠርሙስ ጥቁር ዘይት ያንጠባጥባል፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዞራል፤ ድምፁ ይጠፋል። ልጁም አመስግኖ ይሄዳል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን ካቴናው እንደገና ይጮኻል፤ እንደገናም ዘይት ይጨመርበታል። በዚህ አካሄድ ካቴናው ያለ ዕድሜው ያልቃል፤ የፊትና የኋላ ጥርሶችንም ይዞ ይጠፋል።

ጩኸቱ ጠፋ ማለት ካቴናው ዳነ ማለት አይደለም። በደጋው ጠጠር መንገድ ካቴናን የሚገድለው የዘይት ማነስ ብቻ አይደለም፤ ይበልጥ የሚጎዳው አቧራ የጠጣ ዘይት ነው። ስለዚህ የትኛው ቅባት ይሻላል የሚለውን ጥያቄ የጠርሙሱ ማስታወቂያ ሊመልሰው አይችልም። መልሱ የሚገኘው በራሳችን መንገድ ላይ፣ በራሳችን መለኪያ ከሚደረግ ፈተና ነው።

ካቴናው ውስጥ የሚሆነው

የዛሬው ካቴና መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። በስዊዘርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ ማንቸስተር ይሠራ የነበረው ሐንስ ሬኖልድ ፒኑን የሚያቅፍ ቀጭን ቱቦ (ቡሽ) እና በእሱ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት (ሮለር) ያለውን ካቴና ያወጣው በዚያ ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ተሻሽሏል፤ አሠራሩም ቀጥኗል። መሠረታዊው ነገር ግን ያው ነው፤ ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ቀጣዩ ፒን መሐል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ አንድ ማርሹ ከባድ ብስክሌትም ሆነ ብዙ ማርሽ ያለው የውድድር ብስክሌት በዚህ ልክ አንድ ናቸው።

ካቴናው ጥርስ ላይ ሲወጣም ሲወርድም እያንዳንዱ መገናኛ ይታጠፋል። ፔዳሉ በደቂቃ 80 ጊዜ ቢዞርና የፊተኛው ጥርስ 42 ቢሆን፣ በአንድ ደቂቃ 3,360 መገናኛዎች በጥርሱ ላይ ያልፋሉ። በሰዓት ሲሰላ ከ200,000 በላይ ይሆናል። እያንዳንዱ መገናኛ አንድ ዙር እስኪጨርስ ከፊት ሁለቴ፣ ከኋላ ሁለቴ ይታጠፋል፤ ማርሽ ቀያሪ ያለው ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። በመታጠፉ ጊዜ ፒኑ ከቡሹ ጋር በኃይል ይፋተጋል። ቅባት የሚያስፈልገው እዚያ፣ ዓይን በማያየው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው።

ካቴና «ረዘመ» ወይም «ላላ» ሲባል ብረቱ የተለጠጠ ይመስለናል። የሆነው ግን በፒንና በቡሽ መካከል ያለው ክፍተት ተበልቶ መስፋቱ ነው። እያንዳንዱ መገናኛ 0.06 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢበላ፣ በ100 መገናኛ ላይ ልዩነቱ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የረዘመው ካቴና ከጥርሱ ጋር ስለማይገጥም ጥርሱን በበኩሉ ይቆርጠዋል። ካቴናውን በጊዜ ያልቀየረ ሰው በኋላ ጥርሱንም ለመቀየር ይገደዳል።

የካቴናው የውጭ ፊት ከዝገት ከመጠበቅ በቀር ቅባት አያስፈልገውም። ውጭ ላይ የቀረው ዘይት ዋነኛ ሥራው አቧራ መያዝ ነው። የያዘው አቧራ ካቴናው በታጠፈ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ እዚያም ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ፈሳሽ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

የአፈሩ ጠባይ

የጎንደርና የሰሜን ደጋ አቧራ ከየትም የመጣ አይደለም። የሰሜን ተራሮች መሠረት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነው። ሲቀዘቅዝ ባዛልት የሆነው ይህ ጥቁር ድንጋይ የፋሲል ግንብ የታነጸበት፣ የመንገዱ ጠጠርም የሚፈለጥበት ነው። በውስጡ ካሉት ማዕድናት ዋነኛው ፌልድስፓር ከ1 እስከ 10 በሚቆጠረው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 6 አካባቢ ላይ ይገኛል። ተራ ብረት ከ4 እስከ 5 ነው። የካቴና ፒን ፊቱ እንዲጠነክር ተደርጎ ቢሠራም፣ ጠንካራ ብናኝ ሳያቋርጥ ሲፈጨው መበላቱ አይቀርም።

ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወረድ ጠባዩ ይለወጣል። እዚያ ያለው ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጎማና ፍሬን ላይ ተለጥፎ ብስክሌቱን ያቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ካንሳስ በተካሄደው ታዋቂው የአንባውንድ ጠጠር መንገድ ውድድር ላይ ተመሳሳይ ጭቃ ተወዳዳሪዎችን ብስክሌት አሸክሟቸዋል፤ ጭቃውን በእንጨት እየፋቁ ነበር የሄዱት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቅባት ምርጫ ሁለተኛ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ጭቃው መውጣት አለበት።

ስለዚህ አንድ ብስክሌተኛ በዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠላት ይገጥመዋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የወገራና የደባርቅ ደረቅ ብናኝ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ጭቃ። ለአንዱ የሚሆነው ቅባት ለሌላው ላይሆን ይችላል።

በእጃችን ያሉት ቅባቶች

በየጋራዡ በቀላሉ የሚገኘው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ርካሽ በመሆኑ ይመረጣል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከሞተር ሲወጣ ጥላሸት፣ የብረት ብናኝና የነዳጅ ቃጠሎ የተወው አሲድ ይዞ ነው። ካቴና ላይ ሲፈስ ገና አቧራ ሳይነካው የሚፋትግ ነገር ይዞ ይገባል። ለረጅም ጊዜ ቆዳውን የሚነካው ሰውም ለቆዳ ካንሰር ሊጋለጥ ይችላል። ከሁሉም አማራጮች የከፋው ይህ ነው።

አዲስ የሞተር ዘይት ከዚህ በብዙ ይሻላል። ንጹሕ ነው፤ ብረትን ከዝገት ይጠብቃል። ችግሩ ወፍራምና አጣባቂ መሆኑ ነው፤ በሚገባ ካልተወለወለ በደረቅ መንገድ ላይ አቧራ ይሰበስባል። የካምቢዮ ዘይት ከዚያም ይወፍራል። ግሪስ ደግሞ ከውጭ ሲቀባ ወደ ፒኑ ሳይደርስ ውጭ ላይ ይቀራል። አዲስ ካቴና ከፋብሪካ ሲወጣ ግሪስ ቢኖረውም፣ እሱ በፋብሪካ ውስጥ እስከ ፒኑ እንዲደርስ ተደርጎ የገባ ነው።

ቀጭኑ የስፌት መኪና ዘይት በየልብስ ሰፊው ዘንድ ይገኛል። በፍጥነት ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ውጭውም በቀላሉ ይወለወላል። ሆኖም ቶሎ ስለሚያልቅ ተደጋግሞ መቀባትን ይጠይቃል። ለአጭር የከተማ መንገድ ግን ጥሩ አማራጭ ነው።

ብዙዎች የሚያምኑበት ደብሊው ዲ 40 የተባለው ፈሳሽ እ.ኤ.አ. በ1953 በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ሲሠራ ዓላማው ከብረት ላይ እርጥበትን ማባረር ነበር። የደረቀ ቆሻሻ ለማላቀቅና ከዝናብ በኋላ ውኃ ለማስወጣት ይረዳል። በጣም ቀጭን በመሆኑ ግን ለረጅም ጉዞ የሚበቃ ቅባት በፒኑ ላይ አይተውም። ከእሱ በኋላ ሌላ ቅባት መከተል አለበት።

ለብስክሌት ተብለው ከውጭ የሚመጡት ቅባቶች ሁለት ወገን ናቸው። «እርጥብ» የሚባለው ዝናብ የማያጥበው ወፍራም ዘይት ነው። «ደረቅ» የሚባለው ደግሞ ሰም ወይም ሌላ ማለስለሻ በቶሎ በሚተን ፈሳሽ ውስጥ ተበጥብጦ የሚጨመር ነው፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ደረቅ ሽፋን ይቀራል። ይህኛው ከመነዳቱ በፊት ለመድረቅ በቂ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማታ ተቀብቶ ጠዋት ቢነዳ ይመረጣል።

የመጨረሻው አማራጭ በየሱቁ አለ፤ ለካቴና ይሆናል ብሎ የሚያስበው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ሻማ። ነጩ ሻማ በአብዛኛው ፓራፊን ነው። ፓራፊን ሲቀዘቅዝ ደረቅ ይሆናል፤ አቧራ አይጣበቅበትም፤ ፒኑንና ቡሹን ግን ያለሰልሳል። ጧፍ የሚሠራበት የንብ ሰም ከፓራፊን ይልቅ አጣባቂ ስለሆነ ብቻውን ለአቧራማ መንገድ አይመከርም።

ሌሎች እንዴት ፈተኑት?

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጄምስ ስፓይሰርና ባልደረቦቻቸው የብስክሌት ካቴና ምን ያህል ኃይል እንደሚያባክን በቤተ ሙከራ ለኩ። በተሻለው ሁኔታ ካቴናው ከተቀበለው ኃይል 98.6 በመቶውን አስተላልፏል። የጥርሶቹ መጠንና የካቴናው ውጥረት ለውጥ ሲያመጡ የቅባቱ ዓይነት ግን የጎላ ልዩነት አላሳየም። ይህ ብዙዎችን አስገርሟል። ሆኖም ሙከራው የተደረገው አቧራ በሌለበት ንጹሕ ቦታ ነው፤ የለካውም የኃይል ብክነትን እንጂ የካቴናን ዕድሜ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በኮሎራዶ ጄሰን ስሚዝ የተባለ ባለሙያ ቅባቶችን በሚያባክኑት ዋት እያወዳደረ ሲለካ፣ የቀለጠ ፓራፊን ከውድ ዘይቶች መካከል ከፊት ተሰልፎ ተገኘ። ለእኛ መንገድ የሚቀርበው ግን በአውስትራሊያ አዳም ኬሪን የሚያደርገው ፈተና ነው። የእሱ ጥያቄ ካቴናው ስንት ኪሎ ሜትር ይቆያል የሚል ነው። ፈተናው እያንዳንዳቸው 1,000 ኪሎ ሜትር የሆኑ ምዕራፎች አሉት፦ መጀመሪያ በንጹሕ፣ ቀጥሎ ደረቅ አሸዋ እየተጨመረ፣ እንደገና በንጹሕ፣ ከዚያ በእርጥብ ቆሻሻ እያለ ይቀጥላል። ካቴናው 0.5 በመቶ ሲረዝም እንዳለቀ ይቆጠራል።

ከዚህ ፈተና የወጣው ትልቁ ትምህርት በንጹሑ ምዕራፍ ተቀራራቢ የሚመስሉ ቅባቶች አሸዋ ሲገባ እጅግ መራራቃቸው ነው። አንዳንድ ዘይቶች አንዴ ከቆሸሹ በኋላ አዲስ ዘይት ቢጨመርባቸውም ጉዳቱን አላቆሙም፤ ቆሻሻው ውስጥ ቀርቷልና። ካቴናው ተነክሮ የሚቀባበት የቀለጠ ሰም በተደጋጋሚ ከፊት ቆሟል። በጎንደር መንገድ ዳር ካቴናው በጮኸ ቁጥር ዘይት መጨመር የማያዛልቀውም ለዚሁ ነው።

በእኛ መንገድ ላይ የሚደረግ ፈተና

እንዲህ ያለ ፈተና ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አናጺ የሚይዘው የብረት ሜትር ይበቃል። ካቴናውን ፈትቶ ማጠብ፣ በሚስማር ላይ አንጠልጥሎ ከታች ትንሽ ክብደት ማሰርና የ100 መገናኛ ርዝመት መለካት ነው። አዲስ ከሆነ 1,270 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 1,276 ሲደርስ 0.5 በመቶ አልቋል፤ ብዙ ማርሽ ያለው ብስክሌት ከሆነ መቀየሪያው ደርሷል። 1,283 ሲጠጋ 1 በመቶ ስለሆነ ባለ አንድ ማርሹም ቢሆን መቀየር አለበት።

ፈተናው ፍትሐዊ እንዲሆን ከቅባቱ በቀር ሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ካቴናዎቹ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ አዲስ ካቴናዎች ይሁኑ። ጥርሶቹም አዲስ ይሁኑ፤ ያረጀ ጥርስ አዲስ ካቴናን ቶሎ ይበላልና። መንገዱ፣ ወቅቱ፣ የነጂው ክብደትና ጭነቱ ይመሳሰሉ። አንዱ ከጎንደር ወደ ኮሶዬ በአስፋልት፣ ሌላው በሳንቃበር ጠጠር ላይ ነድቶ ውጤታቸው ቢነጻጸር የተፈተነው መንገዱ እንጂ ቅባቱ አይሆንም። ርዝመቱ፣ ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትርና አየሩ በደብተር ላይ ይመዝገቡ።

የእጥበቱም ፈሳሽ ይናገራል። ካቴናው የታጠበበትን ላምባ በጠርሙስ አስቀምጦ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ከታች የዘቀጠው ምን ያህል ብናኝ እንደገባ ያሳያል። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ከጠርሙሱ ውጭ ቢጠጋ ከካቴናው የተበላው ብረት ይሳባል። በእኛ አገር ግን በዚህ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ የባዛልት አፈር ራሱ ማግኔት የሚስበው ማግኔታይት አለበት። የመጨረሻው ዳኛ ሜትሩ ነው።

የሰሙ አሠራር

ሰም የሚሞክር ሰው ትልቁን ሥራ የሚሠራው መጀመሪያ ላይ ነው። የፋብሪካው ግሪስም ሆነ የቆየው ዘይት ፈጽሞ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ሰሙ አይይዝም። ካቴናው በላምባ ወይም በቤንዚን፣ ፈሳሹ ጥርት ብሎ እስኪወጣ፣ እየተቀየረ ይታጠባል፤ ከዚያም በደንብ ይደርቃል። እጥበቱ ከከሰል ምድጃም ሆነ ከማናቸውም እሳት ርቆ፣ ደጅ ላይ ይሁን።

ሰሙ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ይቀጣጠላል። ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ጣሳ አስቀምጦ ማቅለጥ ነው። ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነችው ጎንደር ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ደባርቅ ላይ ከዚያም ያንሳል። ፓራፊን ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ በደጋውም ቢሆን የፈላ ውኃ ይበቃዋል። ካቴናው በሽቦ ተይዞ ይገባል፤ አረፋው እስኪቆም እየተነቀነቀ ይቆያል፤ ሰሙ ትንሽ ሲበርድ ወጥቶ ይሰቀላል። ሲደርቅ ግትር ስለሚል እያንዳንዱ መገናኛ በእጅ ይታጠፋል።

ለዚህ ሥራ ባለ አንድ ማርሹ ብስክሌት ይበልጥ ይመቻል። ካቴናው በክሊፕ ስለሚያያዝ በፒንሳ ብቻ ይፈታል። ሲመለስ የክሊፑ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል።

በደረቅ መንገድ አንድ ጊዜ የተነከረ ካቴና እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲሠራ ይጠበቃል፤ አቧራው ሲበዛ ቀደም ብሎ መድገም ይሻላል። የሰም ድክመት ክረምት ላይ ይታያል። ዝናብ የመታው ካቴና ሳይደረቅ ካደረ ጠዋት ዝጎ ይገኛል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም በየቀኑ የሚነዳ ሰው ወደ ዘይት ቢመለስ ይሻለዋል፤ ከጭቃ በኋላ ግን ማጠብና ማድረቅ ግዴታው ነው።

ዘይት የሚመርጥም ሰው አቀባቡን ያስተካክል። በእያንዳንዱ ሮለር ላይ አንድ ጠብታ፣ ጥቂት ማዞር፣ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ መጠበቅ፣ ከዚያ ውጭውን በጨርቅ እስኪደርቅ መወልወል። በቆሸሸ ካቴና ላይ ዘይት አለመጨመር። የታጠበበት ላምባና የቆሸሸ ዘይት ደግሞ ወደ ቦይ አይደፋ፤ አንገረብ የከተማው የመጠጥ ውኃ የሚጠራቀምበት ነው።

ለምን እንጨነቃለን?

ብስክሌት በዚህች አገር የትናንት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ከሯጮቿ ጋር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ ኬፕ ታውን የሚነዱ የቱር ዳፍሪክ ተጓዦች ከመተማ ሽቅብ ወጥተው ጎንደር ያርፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኬንያ በማሳይ ማራ የጠጠር መንገድ ውድድር ጀመረች፤ በ2025 ደግሞ ኪጋሊ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አስተናገደች። የወገራና የሰሜን ደጋ መንገዶች ከእነዚህ የሚያንሱ አይደሉም።

ከውድድሩ በላይ ግን የሚያሳስበው ብስክሌቱን ለዕለት እንጀራው የሚነዳው ሰው ነው። ለተማሪ፣ ዕቃ ለሚያመላልስ ወጣት፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ገበያ ለሚወጣ ነጋዴ የአንድ ካቴና ዋጋ ትንሽ አይደለም። አንዱን ካቴና ሁለት እጥፍ እንዲያገለግል ማድረግ ኪሱን የሚነካ ቁም ነገር ነው።

ፍርዱ እንግዲህ ይህ ነው። በበጋ ለጠጠር መንገድ ንጹሕ ፓራፊን ይቅደም፤ እሱ ካልተመቸ በሚገባ የተወለወለ ቀጭን ዘይት። በክረምት ወፍራም ንጹሕ ዘይት ከእጥበት ጋር። የተቃጠለ ዘይት በማናቸውም ወቅት ከካቴና ይራቅ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ መምህራንና ተማሪዎች፣ የከተማዋ የብስክሌት ቡድኖችና ጠጋኝ ባለሙያዎች ይህን በሜትርና በደብተር እንዲፈትኑት፣ ውጤቱንም በአማርኛ ጽፈው በየጋራዡ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉት እንጠይቃለን። አንባቢም ዛሬውኑ መጀመር ይችላል፤ ካቴናህን እጠበው፣ 100 መገናኛ ቁጠር፣ ለካ፣ ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፈው።